«ዳውት» ከ«ሰስፔክት»፣ «ሴይ» ከ«ቴል»፦ ፍቺያቸው አንድ የሚመስል የእንግሊዝኛ ቃላት የሚለያዩበት ቦታ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «እንግሊዝኛ አንብቤ እረዳለሁ። ስጽፍና ስናገር ግን ከሁለት ተቀራራቢ ቃላት የትኛውን እንደምመርጥ ይቸግረኛል። መዝገበ ቃላቴ ‹ዳውት›ንም ‹ሰስፔክት›ንም መጠርጠር፣ ‹ሲ›ንም ‹ሉክ›ንም ‹ዋች›ንም ማየት ይላቸዋል። የሚያምታቱ ቃላት ዝርዝር ይዤ ብሸመድድ ያዋጣኛል? ካልሆነስ በምን ልለያቸው?»

ዝርዝር መሸምደዱ አያዋጣም። እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች አብዛኛውን ጊዜ ለአንዱ ቃል «ማየት»፣ ለሌላው «መመልከት» ብለው ይሰጡዎታል፤ «ማየት» ከ«መመልከት» በምን እንደሚለይ ግን አይነግሩዎትም። የሚያዋጣው ልዩነቱ የት የት እንደሚደበቅ ማወቅ ነው። መደበቂያዎቹ ብዙ አይደሉም፦ ግሱ ከኋላው ማንን ወይም ምንን አስከትሎ እንደሚመጣ፣ ተናጋሪው ነገሩን አምኖበት እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ቃሉ ከየትኞቹ ቃላት ጋር መዋል እንደለመደ፣ ሙገሳ ይሁን ነቀፋ፣ ለደብዳቤ ይሁን ለጨዋታ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በሐሳብዎ ያለውን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይመርምሩ። አማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳተው ባመዛኙ አንድ የአማርኛ ግስ የሁለት የእንግሊዝኛ ግሶችን ሥራ በሚሠራበት ቦታ ነው።

እርስዎ ካነሱት ልጀምር፤ «ዳውት» እና «ሰስፔክት» ከተምታቱ ዓረፍተ ነገሩ ይገለበጣልና። «አይ ሰስፔክት ሂ ቱክ ዘ መኒ» ያለ ሰው ገንዘቡን ሰውየው እንደወሰደ ይመስለዋል። «አይ ዳውት ሂ ቱክ ዘ መኒ» ያለ ሰው ደግሞ ወስዷል ብሎ አያምንም፤ እንዲያውም እየተከላከለለት ነው። መርማሪ በሪፖርቱ ላይ አንዱን በሌላው ቦታ ቢጽፍ ተጠርጣሪውን ነፃ አወጣው ማለት ነው። የሚገርመው አማርኛ ይህን ልዩነት አሳምሮ ያውቀዋል፦ «ወስዶታል ብዬ እጠረጥራለሁ» እና «መውሰዱን እጠራጠራለሁ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው «ሰስፔክት»፣ ሁለተኛው «ዳውት» ነው። ልዩነቱ የጠፋው መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም «መጠርጠር» በሚል አንድ መጠሪያ ሲያስቀምጣቸው ነው። ለመፈተን ሐሳብዎን በ«ይመስለኛል» ወይም በ«አይመስለኝም» ይተኩት። «ይመስለኛል» ከሆነ «ሰስፔክት»፣ «አይመስለኝም» ከሆነ «ዳውት»።

«ሰስፔክት» ለወንጀልና ለክፉ ነገር ብቻ የተሰጠ ቃል አይደለም። «አይ ሰስፔክት ዩ አር ራይት» ሲባል አማርኛው «ልክ ሳትሆን አትቀርም» ነው፤ ክፋት የለበትም። ቅጽሎቹ ላይም ያው መንታ መንገድ ይገጥምዎታል፤ ሁለቱም «አጠራጣሪ» ተብለው ይተረጎማሉና። «ዳውትፉል» መሆን አለመሆኑ የማይታወቅ ነገር ነው፤ መምጣቱ አጠራጣሪ ነው እንደምንለው። «ሰስፒሽየስ» ግን ሁኔታው ጥሩ ያልሆነ፣ ዓይን የሚጣልበት ነው፤ ባለቤት የሌለው ሻንጣ «ሰስፒሽየስ» ይባላል እንጂ «ዳውትፉል» አይባልም። ሰው ላይ ሲመጣ «ሰስፒሽየስ» በሁለት በኩል ይቆርጣል፦ የሚጠረጠረውንም፣ ሌላውን የሚጠረጥረውንም ሊገልጽ ይችላል። የኋለኛውን ማለትዎ ከሆነ «ኦፍ» አክለው ማንን እንደሚጠረጥር ይንገሩ።

የሚቀጥለው አደገኛ አካባቢ «አስታወሰ» ነው። «ቀጠሮውን አስታወስኩ» እና «ቀጠሮውን አስታወሰኝ» በአማርኛ አንድ ግስ ናቸው፤ የሚለያቸው ተሳቢው ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ግን ሁለት ቃል አለው። በራስ ጭንቅላት ውስጥ የሚሆነው «ሪሜምበር»፣ ሌላ ሰው ወይም ሌላ ነገር ሲቀሰቅሰው «ሪማይንድ» ነው። ስለዚህ «እንድደውል አስታውሰኝ» ለማለት «ሪማይንድ ሚ ቱ ኮል» እንላለን። ብዙዎች «ሪሜምበር ሚ ቱ ኮል» ይላሉ። ይህ ስህተት ቶሎ የማይታረመው «ሪሜምበር ሚ» የሚለው ብቻውን ትክክለኛ እንግሊዝኛ ስለሆነ ነው፤ ፍቺው ግን «አትርሳኝ» ነው። «ሪማይንድ ... ኦፍ» ደግሞ ስለ መመሳሰል ሊሆን ይችላል፤ «እህቴን ታስታውሰኛለች» ሲሉ ሴትየዋ እህትዎን ትመስላለች ማለትዎ ነው።

«ሪሜምበር» ራሱ ከኋላው በሚያስከትለው ግስ ቅርጽ ፍቺው ይለወጣል። «ሪሜምበር ቱ ሎክ ዘ ዶር» ሲባል ገና ያልተሠራ ሥራ ነው፤ መቆለፍ እንዳትረሳ ነው የሚለው። «አይ ሪሜምበር ሎኪንግ ዘ ዶር» ሲባል ሥራው ተሠርቶ አልቋል፤ በሩን እንደቆለፍኩ ትዝ ይለኛል ነው። «ቱ» ወደፊት ያያል፣ «ኢንግ» ወደኋላ። «ፎርጌት»ም ላይ ይኸው ይሠራል።

የ«ተ» እና የ«አ» መነሻ ያላቸው ግሶች ግን ብዙ ጊዜ ያግዙዎታል። «ተዋሰ» እና «አዋሰ»፣ «ተበደረ» እና «አበደረ» የሚለው ልዩነት ከ«ቦሮው» እና ከ«ሌንድ» ጋር ልክ ለልክ ይገጥማል። እጁ የሚገባለት ሰው «ቦሮው» ያደርጋል፤ ከእጁ የሚወጣበት «ሌንድ» ያደርጋል። እንዲያውም አማርኛ ይበልጥ ይሰነጥቃል፤ ገንዘብ ሲሆን መበደር፣ ዕቃ ሲሆን መዋስ እንላለን፤ እንግሊዝኛ ለሁለቱም ያንኑ ቃል ይጠቀማል። በ«ተከራየ» እና በ«አከራየ» ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ሬንት» ስለሚል «አይ ሬንትድ ኤ ሃውስ» ሲባል የሚሰማው መከራየት ነው። ማከራየትዎን ለመናገር «ሬንት አውት» ማለት ወይም በ«ቱ» ለማን እንደሆነ መግለጽ ይኖርብዎታል።

«ሰረቀ» ላይ ግን አማርኛው ያሳስታል። «ሰረቁኝ» ስንል ሰውየው ራሱ አልተወሰደም፤ ንብረቱ ነው የተወሰደው። «ስቲል» ከኋላው የሚቀበለው የተወሰደውን ዕቃ ብቻ ነው፤ «ዘይ ስቶል ሚ» ማለት እኔን ራሴን አንስተው ይዘውኝ ሄዱ ይሆናል። ሰውን ወይም ቦታን የሚቀበለው «ሮብ» ነው፦ ሰው ይዘረፋል፣ ባንክ ይዘረፋል፤ ገንዘቡ ግን «ስቶለን» ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ማን ከኋላ ይመጣል የሚለው ነው፤ የኃይል መኖር አለመኖር ተከትሎ የሚመጣ ነገር ነው። ማንም ሳያይ ተሰርቀው ከሆነና «ሮብ» ከከበደብዎት «ማይ ፎን ዎዝ ስቶለን» ይበሉ፤ ስልኩን ባለቤት ማድረግ ከሁሉም ይቀላል።

«ጠበቀ» ምናልባት ከሁሉም በላይ ሸክም የተጫነበት ግስ ነው። አንድ ቦታ ቆሞ ጊዜ ማሳለፍ «ዌይት» ነው፤ ተሳቢ ካለው የግድ «ፎር» ይፈልጋል፣ «ዌይት ዩ» አይባልም። ይሆናል፣ ይመጣል ብሎ ማሰብ ደግሞ «ኤክስፔክት» ነው። «አይ አም ኤክስፔክቲንግ ኤ ሌተር» ያለ ሰው ሥራውን እየሠራ ሊሆን ይችላል፤ ደብዳቤው እንደሚመጣ ብቻ ያውቃል። «አይ አም ዌይቲንግ ፎር ኤ ሌተር» ያለው ግን ደብዳቤው እስኪመጣ ዓይኑ በር ላይ ነው። «ሺ ኢዝ ኤክስፔክቲንግ» ተብሎ ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ካለቀ እርጉዝ ናት ማለት ነው፤ ስለዚህ ተሳቢውን አይርሱ። «ሆፕ» ምኞት ያለበት ነው፤ ጥሩ ነገር ላይ ብቻ ይውላል። «ኤክስፔክት» ጥሩም መጥፎም ይይዛል፤ ውድቀትን «ኤክስፔክት» ማድረግ ይቻላል፣ «ሆፕ» ማድረግ ግን ክፋት ነው። «ስብሰባውን በጉጉት እጠብቃለሁ» የሚለው «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ሲሆን ከኋላው ስም ወይም የ«ኢንግ» ቅርጽ ይመጣል። «ቱ ሚት» ሳይሆን «ቱ ሚቲንግ» ነው፤ በሥራ ደብዳቤ መዝጊያ ላይ ይህ ስህተት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል።

አሁን ወደ «ሴይ» እና «ቴል»። «አለ» ከ«ሴይ»፣ «ነገረ» ከ«ቴል» ጋር ይቀራረባሉ፤ «ተናገረ» ወደ «ስፒክ»፣ «አወራ» ወደ «ቶክ» ይጠጋሉ። ታዲያ ስህተቱ ከየት መጣ? «አለኝ» ከሚለው። አማርኛ «አለ» ላይ «ኝ» መቀጠል ስለሚፈቅድ «ሂ ሴድ ሚ» የሚለው ተፈጥሯዊ ሆኖ ይሰማናል። እንግሊዝኛ ግን «ሴይ» ሰሚውን በቀጥታ እንዲያስከትል አይፈቅድም፤ «ሴድ ቱ ሚ» ነው። «ቴል» ደግሞ በተቃራኒው ሰሚውን ካልያዘ ይጎድላል፦ «ሂ ቶልድ ሚ»። ሰሚ ሳይኖረው የሚቆመው ከተወሰኑ ስሞች ጋር ሲውል ነው፦ እውነት፣ ውሸት፣ ተረት፣ ቀልድ፣ ሰዓት። እውነትን «ሴይ» አያደርጉም፤ «ቴል ዘ ትሩዝ» ነው። «ቴል ዘ ዲፈረንስ» ሲባል ደግሞ መናገር የለበትም፤ ለይቶ ማወቅ ነው። «ስፒክ» ለቋንቋ፣ ለመድረክና ለወግ ንግግር፣ «ቶክ» ለጭውውት ነው። ሥራ አስኪያጅ «አይ ኒድ ቱ ስፒክ ቱ ዩ» ካለዎት ከ«ቶክ» ይልቅ ይከብዳል፤ ወቀሳ ሊኖርበት ይችላል።

የማየት ግሶች ቀለል ያሉ ናቸው። «ሲ» ዓይን ስለተከፈተ የሚሆን ነው፤ ሰውየው ባይፈልገውም ያየዋል። «ሉክ» ዓይንን ሆን ብሎ ማዞር ነው፤ ዒላማ ካለው «አት» ያስፈልገዋል። «ዋች» ዓይንን በሚንቀሳቀስ ወይም በሚለወጥ ነገር ላይ ለጥቂት ጊዜ ማቆየት ነው፦ ጨዋታ፣ ቴሌቪዥን፣ የሚጫወት ሕፃን። ፎቶግራፍ አይንቀሳቀስምና «ሉክ አት» እንጂ «ዋች» አይደረግም። ፊልም ሲኒማ ቤት ሲሆን «ሲ» ይበዛል፣ ቤት ውስጥ ሲሆን «ዋች»። «ሲ» ለማየት ሲውል በ«ኢንግ» ቅርጽ ብዙም አይመጣም፤ «አይ አም ሲይንግ ሄር» ያለ ሰው ከሴትየዋ ጋር የፍቅር ግንኙነት አለው።

«ሂር» እና «ሊስን» በዚያው መስመር ናቸው፤ መስማትና ማዳመጥ። የሚያስፈራው ስልክ ላይ ነው። ድምፅ ሲቆራረጥ «አይ ካንት ሂር ዩ» ማለት ሲገባ «አይ አም ኖት ሊስኒንግ ቱ ዩ» ካሉ፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው «የምትለውን ከቁብ አልቆጥረውም» ብለው የነገሩት ይመስለዋል።

ከዚሁ ሳንርቅ፣ «መጣሁ»። ሲጠሩን «መጣሁ!» እንላለን፤ እንግሊዝኛውም «አይ አም ካሚንግ» ነው፣ ምክንያቱም «ካም» ወደ ተናጋሪው ብቻ ሳይሆን ወደ ሰሚው መሄድንም ይይዛል። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ቋንቋዎች ተስማምተዋል። ነገር ግን አማርኛ «መጣሁ» ን ተነስቶ ለሚወጣና ወዲያው ለሚመለስ ሰውም ይሰጠዋል። ከክፍሉ እየወጡ «አይ አም ካሚንግ» ቢሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግራ ይጋባል፤ እየሄዱ ነውና። እዚያ የሚገባው «አይል ቢ ራይት ባክ» ነው።

ግሱ ማንን ያስከትላል በሚለው ብቻ የማይፈቱ ጥንዶች አሉ። «ቢግ»፣ «ላርጅ» እና «ግሬት» ሁሉም ትልቅ ናቸው፤ የሚለያቸው አብረዋቸው የሚውሉት ስሞች ናቸው። ብዛትና መጠን «ላርጅ» ይወዳሉ፦ ላርጅ ነምበር፣ ላርጅ አማውንት። የማይጨበጡ ባሕርያት «ግሬት» ይወዳሉ፦ ግሬት ኢምፖርታንስ፣ ግሬት ኬር። ስህተት፣ ውሳኔና ወንድም «ቢግ» ናቸው፤ «ላርጅ ሚስቴክ» ወይም «ላርጅ ብራዘር» የሚል የለም። ለምን? ልማድ ነው፤ ከዚህ የጠለቀ ምክንያት አይፈልጉለት። እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ጆን ሩፐርት ፈርዝ እ.ኤ.አ. በ1957 ቃል የሚታወቀው በሚውልባቸው ባልንጀሮቹ ነው ያለው ይህን ነው። «ኃይለኛ» የሚለውን ይዘው ቢሄዱ «ስትሮንግ ሬይን» ይሉ ይሆናል፤ ዝናብ ግን «ሄቪ» ነው፣ ነፋስ «ስትሮንግ»። ዋጋም እንዲሁ ነው። ዕቃው «ኤክስፔንሲቭ» ወይም «ቺፕ» ነው፣ ዋጋው ግን «ሃይ» ወይም «ሎው»። «ዋጋው ውድ ነው» ማለት ስለለመድን «ዘ ፕራይስ ኢዝ ኤክስፔንሲቭ» ከአፋችን ያመልጣል። ረጅም ሰው «ቶል» ነው፤ ረጅም ገመድ፣ ረጅም ጊዜና ረጅም መንገድ «ሎንግ»፤ ተራራ «ሃይ»። ሁሉም በአማርኛ ረጅም ሊባሉ ይችላሉ።

ስሜት ያለባቸውን ጥንዶች አማርኛ ሲያስረዳቸው ያምራል፤ ሸንቃጣና ከሲታ የተባሉ ሁለት ሰዎች ሚዛን ላይ እኩል ሊወጡ ይችላሉ። «ስሊም» ሸንቃጣ ነው፤ «ስኪኒ» ከሲታ ነው፣ ለባለቤቱ ፊት ለፊት አይነገርም፤ «ቲን» መሃል ላይ ነው። «ትሪፍቲ» ቆጣቢ፣ «ስቲንጂ» ቆንቋና። «ዲተርሚንድ» ቆራጥ፣ «ስታበርን» ግትር። «ቻይልድላይክ» የልጅ ንጽሕና ያለው፣ «ቻይልዲሽ» ትልቅ ሆኖ የልጅ ጠባይ ያልለቀቀው። «ፌመስ» ዝነኛ፣ «ኖቶሪየስ» በክፉ ሥራው የታወቀ፤ የድጋፍ ደብዳቤ ላይ አለቃን «ኖቶሪየስ» ብሎ ማሞገስ አይነሳም። እዚህ ጋ የአማርኛ ተመሳሳይ ቃላት ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣሉ፤ ሙገሳና ነቀፋው በሁለቱም ቋንቋ ስላለ ጥንድ ለጥንድ ይገጥማል።

የደብዳቤና የጨዋታ ልዩነት ከታሪክ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ ለረጅም ጊዜ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ሆኖ ቆየ፤ ላቲን ደግሞ የቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ነበረ። በዚህ የተነሳ እንግሊዝኛ ለአንድ ሐሳብ ሁለት ሦስት ደረጃ ቃል ይዟል። «አስክ» የጥንቱ የሕዝብ ቃል ነው፤ «ክዌስቸን» በፈረንሳይኛ በኩል ገባ፤ «ኢንቴሮጌት» የላቲን ነው። ሦስቱም መጠየቅ ናቸው፤ ግን ጓደኛ «አስክ» ያደርጋል፣ ፖሊስ «ክዌስቸን» ያደርጋል፣ «ኢንቴሮጌት» የሚደረግ ሰው ደግሞ በቁጥጥር ሥር ሆኖ በጥብቅ እየተመረመረ ነው። «ባይ» እና «ፐርቼዝ» (መግዛት)፣ «ስታርት» እና «ኮሜንስ» (መጀመር)፣ «ሄልፕ» እና «አሲስት» (መርዳት) በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ምክሬ አጭሩን ይምረጡ ነው። ትልቁን ቃል መርጦ መጻፍ ዕውቀት የሚያሳይ ይመስላል፤ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ለጓደኛ በተጻፈ መልእክት ላይ «አይ ፐርቼዝድ ብሬድ» ማንበብ ፖሊስ ጣቢያ ቃል እንደመስጠት ይሰማል። በሥራ ደብዳቤም ቢሆን «ባይ» አያሳፍርም። ውል ሲሆን ብቻ ሌላ ነው።

ሥራዎ ከሪፖርትና ከፕሮጀክት ጽሑፍ ጋር የተያያዘ ከሆነ አንድ ጥንድ የግድ ይያዙ፦ «ሴፍቲ» እና «ሴኪዩሪቲ»። ሁለቱም «ደህንነት» ተብለው ይተረጎማሉ። «ሴፍቲ» ከአደጋ መጠበቅ ነው፤ ማንም ሆን ብሎ ያላደረገው፣ እንደ መውደቅ፣ መቃጠል፣ መመረዝ ያለ። «ሴኪዩሪቲ» አስቦ ከሚመጣ ሰው መጠበቅ ነው፤ ከሌባ፣ ከጥቃት፣ ከሰርጎ ገብ። በፋብሪካ የዓይን መከላከያ መነጽር የ«ሴፍቲ» ዕቃ ነው፤ በር ላይ ያለው ካሜራ የ«ሴኪዩሪቲ»። «ሴኪዩሪቲ» ዋስትና የሚል ሁለተኛ ፍቺም አለው፤ በዚህ የተነሳ «ፉድ ሴፍቲ» ምግቡ ሰው እንዳያሳምም ማድረግ ሲሆን «ፉድ ሴኪዩሪቲ» ሰው የሚበላው እንዳያጣ ማድረግ፣ ማለትም የምግብ ዋስትና ነው። አንዱን በሌላው የተካ የፕሮጀክት ሐሳብ ሌላ ፕሮጀክት ሆነ ማለት ነው።

በሪፖርት ውስጥ «ስህተት» የሚለውም ይከፈላል። «ሚስቴክ» ሰው የሠራው ስህተት ነው፤ «ሜክ» ይቀድመዋል እንጂ «ዱ» አይቀድመውም። «ኤረር» ለኮምፒውተር፣ ለስሌትና ለልኬት ያደላል። «ፎልት» ግን ጥፋት ነው፤ ተጠያቂነት አለበት። «ኢት ዎዝ ማይ ፎልት» ብለው የጻፉ ሰው ኃላፊነቱን ተቀብለዋል። መኪና ከተጋጨ በኋላ በሚሞላ ቅጽ ላይ ይህን ማስታወስ ይበጃል። ዕቃ ላይ ሲሆን «ፎልት» ብልሽት ነው።

የ«ኢክ» እና የ«ኢካል» ጥንዶች በፍጥነት፦ «ሂስቶሪክ» በታሪክ ቦታ የሚያሰጥ፣ «ሂስቶሪካል» ስለ ታሪክ የሆነ ወይም ባለፈ ዘመን የነበረ። «ኢኮኖሚክ» የምጣኔ ሀብት፣ «ኢኮኖሚካል» ወጪ ቆጣቢ። የመንግሥት ፖሊሲ «ኢኮኖሚክ» ነው፤ ነዳጅ የማይበላ መኪና «ኢኮኖሚካል»።

አንዲት ፊደል ዓረፍተ ነገሩን የምትገለብጥበትም አለ። «ፊው ፒፕል ኬም» እና «ኤ ፊው ፒፕል ኬም» በቁጥር አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሁለቱም አምስት ሰው መጥቶ ይሆናል። የመጀመሪያው ግን ቅሬታ ነው፦ የመጡት ጥቂት ናቸው። ሁለተኛው ማስታወቅ ነው፦ ጥቂት ሰዎች መጥተዋል። አማርኛ በቃላት ቅደም ተከተል የሚሠራውን እንግሊዝኛ በ«ኤ» ይሠራዋል። ለማይቆጠር ነገር «ሊትል» እና «ኤ ሊትል» ያው ናቸው፤ «ዊ ሃቭ ሊትል ታይም» ተጣደፉ፣ «ዊ ሃቭ ኤ ሊትል ታይም» ትንሽ ጊዜ አለን።

እዚህ ያላነሳሁት ጥንድ ሲገጥምዎት እንዴት ራስዎ ይፈቱታል? «ትራቭል»፣ «ትሪፕ» እና «ጀርኒ» ን እንውሰድ፤ ሦስቱም «ጉዞ» ናቸው። መጀመሪያ ለተማሪ የተዘጋጀ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይክፈቱ፤ ኦክስፎርድ፣ ሎንግማን፣ ካምብሪጅና ኮሊንስ ኮቢልድ ሁሉም በድረ ገጽ በነፃ ይገኛሉ። የሎንግማኑ ፍቺዎቹን የሚጽፈው 2,000 በሚያህሉ ቀላል ቃላት ነው። ኮቢልድ፣ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው፣ ቃሉን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ይፈታል፤ ስለዚህ ግሱ ማንን እንደሚያስከትል ከፍቺው ራሱ ይታያል። ፍቺውን ከማንበብዎ በፊት ምልክቱን ይዩ። ስም ከሆነ የሚቆጠር ነው ወይስ የማይቆጠር? «ትራቭል» አይቆጠርም፤ «ኤ ትራቭል» ማለት በዚሁ ቀረ። «ትሪፕ» እና «ጀርኒ» ይቆጠራሉ። ግስ ከሆነ ተሳቢ ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም የሚለውን ይፈልጉ፤ የ«ሴይ» እና የ«ቴል» ጣጣ እዚህ ጋ ይፈታ ነበር።

ቀጥለው ምሳሌዎቹን ያንብቡና ቃሉን በሌላው ይተኩት። «ቢዝነስ ትሪፕ» አለ፤ «ቢዝነስ ጀርኒ» ግን ይጎረብጣል። «ትሪፕ» ጉዳይ ይዞ ሄዶ መመለስ ስለሆነ ነው፣ እዚያ የሚቆዩበትም ጊዜ ይካተታል። «ጀርኒ» ከአንድ ቦታ ሌላው እስኪደርሱ ያለው መንገድ ነው። ስለዚህ «ሃው ዎዝ ዩር ጀርኒ» ብሎ የጠየቀዎት ሰው መንገዱ እንዴት ነበር ነው የሚለው፤ «ሃው ዎዝ ዩር ትሪፕ» ያለው ደግሞ ስለ ቆይታዎም ይጠይቃል። ተክተው ምንም ካልተሰበረ ተቃራኒውን ይፈልጉ። «ኦልድ» ለሰው ሲሆን ተቃራኒው «ያንግ»፣ ለዕቃ ሲሆን «ኒው» ነው፤ ቃሉ ውስጥ ሁለት ፍቺ እንዳለ ይህ ያጋልጠዋል።

አሁንም ካልጠራ ኮርፐስ ይጠቀሙ፤ ኮርፐስ ከመጻሕፍት፣ ከጋዜጣና ከንግግር የተሰበሰበ፣ የሚፈተሽ የጽሑፍ ክምችት ነው። የብሪታንያው ብሔራዊ ኮርፐስ 100 ሚሊዮን ያህል ቃላት አሉት፤ የዘመኑ አሜሪካ እንግሊዝኛ ኮርፐስ ከ1 ቢሊዮን በላይ። የተጠራጠሩትን ሁለት ሐረግ አስገብተው ስንት ጊዜ እንደመጣ ያወዳድሩ። አንዱ በሺህ፣ ሌላው በጣት የሚቆጠር ከሆነ ጥያቄዎ ተመለሰ። ቁጥራቸው ከተቀራረበ ሁለቱም ይሠራሉ፤ ያኔ የመጡባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ሃያ ያህል ያንብቡ፣ ልዩነቱ በዙሪያቸው ባሉት ቃላት ላይ ይታያል። ተራ የኢንተርኔት ፍለጋ የሚሰጠውን የውጤት ብዛት ግን አይመኑት፤ ግምት ነው፣ የተሳሳቱ ሰዎች ጽሑፍም ይቆጠርበታል።

የተመሳሳይ ቃላት መጽሐፍን፣ «ቴዘረስ» የሚሉትን፣ የማያውቁትን ቃል ለመምረጥ አይጠቀሙበት። ለሚያውቁት ነገር ግን ለጠፋብዎት ቃል ነው የተሠራው። «ስቲንጂ» እና «ትሪፍቲ» በአንድ ገጽ ሊሰለፉ ይችላሉ፤ የትኛው እንደሚያስቀይም ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍበትም።

ማስታወሻ ሲይዙ ቃሉን ብቻውን አይጻፉት። «ሪማይንድ፦ ማስታወስ» ከመጻፍ «ሪማይንድ ሚ ቱ ኮል፦ እንድደውል አስታውሰኝ» ይጻፉ፤ ሦስት አራት ቃል ተያይዞ ሲጠና አፍ ላይም ተያይዞ ይመጣል። ከሥሩ የሚሳሳቱበትን የአማርኛ ቅርጽ፣ ለምሳሌ «አለኝ» ወይም «ሰረቁኝ»፣ ቢያስቀምጡ ደግሞ ወጥመዱን አስቀድመው ያዩታል።

ጊዜዎን የማይገባቸው ጥንዶችም አሉ። «ሻት» እና «ክሎዝ» ለበርና ለመስኮት ያለ ሐሳብ ይለዋወጣሉ። «ቢጊን» እና «ስታርት»ም እንደዚያው ናቸው፤ ሞተርና የንግድ ድርጅት ሲሆኑ ግን «ስታርት» ይመረጣል። «ቢግ ሃውስ» እና «ላርጅ ሃውስ» መሃል የሚቀረው የደብዳቤና የወሬ ጉዳይ ነው። ከ«ዳውት»፣ ከ«ሪማይንድ»፣ ከ«ኤክስፔክት» እና ከ«ሴፍቲ» በፊት እነዚህ ላይ አይድከሙ።